የሰኞ ጭቃ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር፣
አንድ ዣንጥላ፣ አንድ ዱካ፣ ወስፌና ክር፣
ማስቲሽ በቆርቆሮ፣ የድሮ ጎማ ቅዳጅ፤
እኔ ለእግር ሐኪም፣ ለመንገድ ወዳጅ።

ሌላው ቀን የከተማ ነው፦ የተሰበረ ተረከዝ፣
የአስፋልት ትኩሳት፣ የሠርግ ጫማ፣ የቦይ ውኃ መዘዝ።
ሰኞ ግን ሌላ ነው። ሰኞ ተራራ ይመጣል፣
በፌስታል ተጠቅልሎ ከፊቴ ይቀመጣል።

እሑድ በሌሊት፣ ስታዲየም ዙሪያ ውሻው ሳይበተን፣
አውቶቡስ ተደርድሮ ይጭናል ሰዉን፤
የባንክ ገንዘብ ያዥ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የስልክ ጥገና ልጅ፣
ባለ ሁለት በትር፣ ባለ ቴርሞስ፣ አንዳንዱ ጥንድ ጥንድ እጅ ለእጅ፣
ዳገት በብር ገዝተው፣ ለድካም ከፍለውበት፣
እኔ የሸሸሁትን እነሱ ሊሮጡበት።

አፈር አነባለሁ። ፊደሉ ሶሉ ላይ ነው።
ቀይ ከሆነ እንጦጦ ነው፣ ባሕር ዛፍ የሚሸተው።
ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ቢላም የማይፍቀው፣
ወንጪ ዘንቧል ማለት ነው፤ ሬዲዮ ሳይናገር የማውቀው።
አመድ የመሰለ ከሆነ ዝቋላ ወጥተዋል፣
ጠበል ይሁን ሽርሽር እግዜር ያውቅላቸዋል።

ትርሲት የምትባል፣ ከመድን ድርጅት፣
የቢሮዋን ደረጃ በአሳንሰር የምትወጣት፣
ባለፈው ሰኞ መጣች ፊቷ በፀሐይ ተልጦ፣
አንድ ቦት ጫማ ይዛ፣ ሶሉ እንደ ምላስ ተገልብጦ።
"ረቡዕ ይደርሳል?" አለች። አገላበጥኩት።
ከጎማው ጥርስ መሐል አንድ ነገር አየሁት፦
አንዲት ቅጠል፣ ቀጭን፣ ደረቅ፣ እንደ ሽቦ የጠነከረች።
ጓሳ ናት።
ያን ሁሉ መንገድ በነጻ ተሳፍራ የመጣች።

በእኛ ወረዳ ጓሳ ቤት መክደኛ ነው፣
ገመድ ነው፣ መጥረጊያ ነው፣ በአባቶች ተዘግቶ ሲፈቀድ የሚታጨደው።
ውርጩ ጥዋት ጥዋት እንደ ጨው ይነሰነስበታል፣
ጭላዳው ሣር እየነጨ ሲያወራ ይሰማበታል።
እናቴ ወፍጮ የምትሄድበት ያ የገደል አፋፍ
አሁን "መመልከቻ ቁጥር ሁለት" ነው፤ ፎቶ ይነሡበታል ከጫፍ።

ትርሲት ስልኳን ዘረጋች፦ "እየው፣ ይኼን ደመና!"
ደመናውን አላየሁም።
ከደመናው በታች፣ በቅሎ ይዞ የቆመ፣
ካፖርቱ ላይ የመታወቂያ ካርድ ያንጠለጠለ፣
ወንድሜ ወልደየስ።

"አስጎብኛችን ነው፣" አለች፣ "ሲያስቀን ነው የዋለው።"
ሲያስቅ? ያ ኩርፍተኛ? ስልኳን ወደ ጥላ ሳብኩት፣ አጎላሁት፤ እሱ ነው።
ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ጥማድ ለማትሞላ የገብስ መሬት፣
"ድንበር ገፋህ"፣ "አልገፋሁም" ተባብለን ቀረን በዚያው ዕለት።
ማሳዋስ? አልኩ በሆዴ። ፎቶው ጥግ ላይ ትታያለች፣
ድንኳን ተተክሎባታል፤ ብርቱካናማ ለብሳለች።

"እግሩን ያነክሳል?" አልኳት። "ቁልቁለት ላይ፣ ትንሽ" አለች፣
"እንዴት አወቅህ?" ብላ ዓይኗን እኔ ላይ አሳረፈች።
"የጫማ ሠሪ ሥራ ነው" አልኩ፤ ማስቲሹን ቀባሁ ጎንበስ ብዬ፣
ሶሉን ከጉልበቴ መሐል አስገብቼ፣ ከልክ በላይ ተጭኜ።

"አንተስ፣" አለች ልትሄድ ስትል፣ "ሃይኪንግ ወጥተህ ታውቃለህ?"
ምን ትላለህ?
ሃያ ዓመት ወጥቻለሁ ጆንያ ተሸክሜ፣
ማንም ሃይኪንግ ነው ሳይለኝ፣ ፎቶም ሳልነሣ ቆሜ።

ጓሳዋን አልጣልኳትም። ከወስፌው ጋራ ጠቀለልኳት።
ቅዳሜ ማታ ሣጥኔን ለሎተሪ አዟሪው አደራ አልኩት።
ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ስታዲየም በር ነበርኩ፣
የሳምንት ገቢዬን ቆጥሬ ለአንዲት ልጅ ከፈልኩ።
ኮፍያዋ ላይ ተራራ ተጠልፏል፣ እጇ ላይ የስም ዝርዝር።
"ስም?"
"አስረስ።"
"ሹራብ ይዘሃል? ኮዳ? የዚያ ብርድ አያድርስ ነው" አለች ስትመክር።
"ወደዚህ ወረዳ ስትመጣ የመጀመሪያህ ነው?"

አውቶቡሱ ሞተር አስነሣ።
ጫማዬን አየሁ፤ ራሴ የሰፋሁት፣
ሶሉ ንጹሕ፣ ገና ምንም ያልተጻፈበት።
"አዎ" አልኳት።